የእንግሊዝኛ መምህር ስድስት ኪሎ ሄዶ ምን ይማራል? ተግባራዊ ሥነ ልሳን በቀላል አማርኛ

የእንግሊዝኛ መምህራን ለሁለተኛ ዲግሪ ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክንያት "እንግሊዝኛዬን ላሻሽል" የሚል ነው። የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም። ግን በዚህ ተስፋ ብቻ ወደ ተግባራዊ ሥነ ልሳን፣ አፕላይድ ሊንጉስቲክስ ወደምንለው ትምህርት፣ የገባ ሰው ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ግራ ይጋባል። ሰዋስው የሚያርምለት የለም፣ አነጋገሩን የሚያቃናለትም የለም። በምትኩ "ተማሪዎችህ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ 'ሂ ጎዝ' በማለት ፈንታ 'ሂ ጎ ቱ ስኩል' የሚሉት ለምንድን ነው?" ተብሎ ይጠየቃል። "በደንብ ስላልተማሩ" ብሎ ይመልሳል። እዚያ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው፤ መልሱ ትክክል አይደለምና።

ይህ ጽሑፍ ለማመልከት ለሚያስቡ፣ ወይም አመልክተው "የገባሁበት ምንድን ነው?" ለሚሉ መምህራን ነው።

መጀመሪያ የስሙን ግርግር እናጥራ። ሥነ ልሳን ቋንቋን ለራሱ ሲል ያጠናል፦ ድምፁን፣ የቃላት አመሠራረቱን፣ የዐረፍተ ነገሩን መዋቅር፣ ፍቺውን። ተግባራዊ ሥነ ልሳን የሚነሣው ግን ከችግር ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚ የሚሰጥ ምስክርነት፣ ሐኪምና ታካሚ በአንድ ቋንቋ እያወሩ የማይግባቡበት ምክንያት፣ የመንግሥት ቅጽ ለምን አንባቢን እንደሚያደናግር፣ ሁሉም የዘርፉ ጉዳዮች ናቸው። የቋንቋ ማስተማር ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ትልቁና አንጋፋው ቢሆንም። ቴፍል፣ ቴሶል ወይም ኢኤልቲ (ሦስቱም እንግሊዝኛን ማስተማር ማለት ናቸው) የሚል ስም ያላቸው ፕሮግራሞች ይህን አንዱን ክፍል ይዘው ወደ ክፍል ውስጥ ሥራ ያዘነብላሉ። በተግባር ግን ልዩነቱ ከስሙ ይልቅ በኮርስ ዝርዝሩ ላይ ይታያል። ሁለተኛ ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ፣ የቋንቋ ፈተና አዘገጃጀት፣ የንግግር ትንተና፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ ዝግጅትና የምርምር ዘዴ ካሉበት፣ በር ላይ የተለጠፈው ስም ያን ያህል አያሳስብም። ስድስት ኪሎ ላይ የውጭ ቋንቋዎችና የሥነ ልሳን ትምህርት ክፍሎች ለየብቻ ስለሆኑ ለማመልከት የሚመጣ መምህር ሁለቱን ማምታታቱ የተለመደ ነው። እንግሊዝኛ ማስተማርን ማጥናት የሚፈልግ ወደ መጀመሪያው፣ የአገራችንን ቋንቋዎች መዋቅር መመርመር የሚፈልግ ወደ ሁለተኛው ቢሄድ ይሻለዋል።

ዘርፉ የተደራጀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሚሺጋን ላይ ይህን ስም በንዑስ ርእሱ የያዘ የመጀመሪያው መጽሔት ተቋቋመ፤ በ1957 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1959 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማዕከል ተመሠረተ። ለእኛ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነው። የማዕከሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1968 እና 1969 እዚሁ አዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የኢትዮጵያን የቋንቋ ጥናት መርተዋል። ጥናቱ በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኡጋንዳና በዛምቢያ የተካሄደው ሥራ አካል ነበር። ተመራማሪዎቹ ቢሮ ውስጥ ብቻ አልተቀመጡም። ገበያ ወጥተው ሻጭና ገዢ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጫረቱ ጭምር መዝግበዋል። ውጤቱ በ1976 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ይህን የማነሣው ለታሪክ ፍቅር አይደለም። ዘርፉ ከውጭ የመጣ፣ ስለ ውጭ ተማሪዎች ብቻ የሚያወራ ለሚመስለው ሰው ማስታወስ ስለሚገባ ነው፦ ከዘርፉ መሥራቾች አንዱ ጥያቄያቸውን ይዘው የመጡት እዚህ ነበር።

ስህተት ለምን እንደማይለቅ

አሁን ወደ "ሂ ጎ" እንመለስ። የትምህርቱን ጣዕም ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የነበረው እምነት ቀላል ነበር። ተማሪው የሚሳሳተው የአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለሚጎትተው ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ብታነጻጽር ስህተቱን አስቀድመህ ትተነብያለህ። ሮበርት ላዶ በ1957 ይህን ሐሳብ በስፋት አራመዱት። አማርኛ ተናጋሪ ላይ ሲሞከር በከፊል ይሠራል። "የገዛሁት መጽሐፍ" ስንል በግሡ መጨረሻ ያለችው "ት" መጽሐፉን ታመለክታለች። ተማሪያችን ይህችን "ት" ይዟት ይሻገርና "ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት" ብሎ ይጽፋል። ያቺ ትርፍ "ኢት" ከየት እንደመጣች አሁን ታወቀ። በድምፅም እንዲሁ ነው። አማርኛ በቃል መጀመሪያ ላይ ተነባቢዎች ተደራርበው ሲመጡ አይወድም፤ ስለዚህ "ስትሪት" በተማሪው አፍ ውስጥ አንዳንድ ሳድስ አናባቢ ተሰክቶለት ወደ ሁለትና ሦስት ቀለም (ሲላብል) ይዘረዘራል። በሌላ በኩል እኛ በተነባቢ መጥበቅና መላላት ፍቺ እንለያለን፤ "አለ" ላልቶ ተናገረ ማለት ነው፣ ጠብቆ ደግሞ ይገኛል። እንግሊዝኛ ይህን አያውቅም፤ እሱ የሚለየው በአናባቢ ነው፤ በጉና መርከቡ፣ "ሺፕ" እና "ሺፕ"፣ በእኛ ፊደል ሲጻፉ እንኳ አንድ ሆነው ይቀራሉ።

እስከዚህ ድረስ ንጽጽሩ አስደሳች ነው። "ሂ ጎ" ላይ ሲደርስ ግን ይሰበራል።

እስቲ አስቡት። አማርኛ ግሥ ሁልጊዜ ባለቤቱን ያሳያል፤ እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግሥ ከባለቤቱ ጋር እንደሚስማማ ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል። በንጽጽሩ ስሌት እንግሊዝኛ የምትጠይቀው አንዲት "ስ" ብቻ ስለሆነች እጅግ ልትቀለው በተገባ ነበር። አልቀለለችም። ለምን? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ስፓኒሽና ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆች እንግሊዝኛ ሲለምዱ ሲጠኑ፣ ቋንቋዎቻቸው ሰማይና ምድር ሆነው ሳሉ፣ የሰዋስው ቅጥያዎችን የሚለምዱበት ቅደም ተከተል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። "ኢንግ" እና የብዙ ቁጥር ምልክት ቀድመው ይመጣሉ፤ የሦስተኛ መደብዋ "ስ" ከኋለኞቹ አንዷ ናት። መጽሐፉ ግን በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያስተምራታል። መምህሩ በ5ኛ ክፍል አስተማራት፣ በ7ኛ ደገማት፣ በ9ኛ ከለሳት፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነበት። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሕጉን ቢጠየቅ በቃሉ ይወጣዋል። ሕግ ማወቅና ሕጉ በንግግር መሃል በሰዓቱ መድረሱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላም አለ። ልጁ "ጎ" ለሚለው ግሥ "ጎድ" የሚል ያለፈ ጊዜ ይፈጥራል። ማንም አላስተማረውም፤ ከማንም አልሰማውም። ታዲያ ከየት አመጣው? ሕግ አግኝቶ ነው፤ ሕጉን ከሚገባው በላይ ዘረጋው እንጂ። የኤዲንብራው ፒት ኮርደር በ1967 ያሉት ይህንን ነበር፦ ስህተት ተማሪው በአእምሮው ውስጥ እየገነባ ያለውን ሥርዓት የምናይበት መረጃ ነው። ላሪ ሰሊንከር በ1972 ለዚያ ሥርዓት ስም ሰጡት፤ ኢንተርላንጉጅ። የተማሪው ቋንቋ እንደ ተበላሸ እንግሊዝኛ ሳይሆን የራሱ ሕግ እንዳለው፣ ገና መንገድ ላይ እንዳለ ቋንቋ ይታያል ማለት ነው።

ይህ ለመምህሩ ምን ይፈይዳል? ቀይ እስክሪብቶውን ይጣል ማለት አይደለም። ግን 60 ተማሪ ባለበት ክፍል የተሰበሰበ ደብተር ላይ ያገኘውን ሁሉ ሲያቀላ የሚያድር መምህር ጉልበቱን ያባክናል፤ ተማሪውም ቀይ የሞላበትን ገጽ ዓይቶ ይዘጋዋል። ስህተቶቹን በየዓይነታቸው ለይቶ፣ ከአማርኛ የመጣውን ለብቻ፣ በጊዜ የሚበስለውን ለብቻ፣ በግዴለሽነት የተፈጠረውን ለብቻ አድርጎ፣ በዚህ ሳምንት የትኛው ላይ እንደሚያተኩር መምረጥ ይችላል። "ቦት ኢት" ን በአንድ ክፍለ ጊዜ ከአማርኛው ጋር አስተያይቶ ማስረዳት ያዋጣል። "ሂ ጎ" ላይ ግን ትዕግሥትና ብዙ ንባብ እንጂ አሥረኛ ማብራሪያ አይሠራም። ለእኔ የሁለት ዓመቱ ትምህርት ሌላ ምንም ባይሰጥ ይህ መለየት ብቻ ዋጋውን ይከፍላል።

"ኢዝ ኢት ክሊር?" "የስ፣ ቲቸር!"

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የክፍል ውስጥ ንግግር ነው። የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲንክሌርና ኩልታርድ በ1975 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ቤት ክፍሎችን ቀርጸው ሲተነትኑ አንድ ሦስት እርከን ያለው ዑደት ደጋግሞ ታያቸው፤ መምህር ይጠይቃል፣ ተማሪ ይመልሳል፣ መምህር ይገመግማል። "ሁዋት ከለር ኢዝ ዚስ?" "ሬድ!" "ጉድ።" ከአራዳም ሆነ ከጉለሌ ትምህርት ቤቶች የፈለጋችሁት ክፍል በር ላይ ብትቆሙ ይህን ትሰማላችሁ። ችግሩ ዑደቱ መኖሩ ሳይሆን ሌላ ነገር አለመኖሩ ነው። መምህሩ መልሱን የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ተማሪው በቀን ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያወጣው ከአንድ ወይም ሁለት ቃል አይበልጥም፤ ያውም በኅብረት። "ኢዝ ኢት ክሊር?" ደግሞ ጥያቄ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። "የስ፣ ቲቸር!" የሚለው ምላሽ መረዳትን ሳይሆን ጨዋነትን ነው የሚገልጸው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ግኝት አለ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሳይንስ ክፍሎችን ሲያጠኑ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ መሆኑን አገኙ። ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲል መልሶቹ ረዘሙ፣ ሳይጠሩ የሚመልሱ ተማሪዎችም በዙ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለሚማር ልጅ ሦስት ሰከንድ ካስፈለገው፣ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሶ፣ አስቦ፣ ወደ እንግሊዝኛ ለሚያዞር ልጅ ስንት ያስፈልገው ይሆን?

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የምታስታውሱ ይህ ነገር ወዲያው ይገባችኋል። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ይወስድ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ይቀጥል ነበር። 3ኛ ዴስክ ላይ ያለው ልጅ ይድረስ አይድረስ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም ነበር። ያኔ ብዙ መምህራን "ፍጥነቱ አልተቻለም" ብለው አማርረዋል። ተግባራዊ ሥነ ልሳን ያንን ምሬት ወደሚለካ ነገር ይለውጠዋል፦ በደቂቃ ስንት ቃል? በስንት ሰከንድ ፋታ? ተማሪው ከሚያውቃቸው ቃላት ምን ያህሉን ይዞ? ምሬት ለሚኒስቴር ደብዳቤ አይሆንም፤ ልኬት ይሆናል።

ፈተና፣ እና የፊዚክስ ፈተና ውስጥ ያለው እንግሊዝኛ

ስለ ፈተና የሚሰጠው ኮርስ ሲጀምሩት ደረቅ ነው፤ ሰንጠረዥ፣ ቀመር፣ የጥያቄ ክብደት ስሌት። ግን ሁለት ሐሳቦች ብቻ ይበቃሉ። አንደኛው ፈተናው ዛሬም ነገም ቢሰጥ፣ ማንም ቢያርመው፣ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል ወይ? ሁለተኛው ልንለካው ያሰብነውን ነው የምንለካው ወይ? ምርጫ ብቻ ያለው ፈተና የመጀመሪያውን በቀላሉ ያልፋል፤ ማሽን ያርመዋል፣ ማሽን አይደክመውም። ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ምርጫ በመሙላት የመናገር ችሎታን መለካት መንጃ ፈቃድን በወረቀት ፈተና ብቻ እንደመስጠት ነው። ከዚህ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የማይፈተነው ክፍል ውስጥ አይሰጥም። የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና ማዳመጥንም መናገርንም ስለማይፈትን የመጽሐፉ የማዳመጥ ገጾች ይዘለላሉ፣ ክፍለ ጊዜው ወደ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች ይዞራል። መምህሩን መውቀስ ይቀላል፤ ግን መምህሩ ፈተናውን እየታዘዘ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን፣ ስለ ወላጆች ብዙ ተባለ። የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የቀረበው በእንግሊዝኛ መሆኑ ግን ብዙም አልተነሣም። ተማሪው የወደቀው ፊዚክሱን ነው ወይስ ጥያቄውን ማንበብ? ሁለቱ ተደባልቀው አንድ ቁጥር ሆነው ሲወጡ መለየት አይቻልም። መለያ ዘዴው ግን አለ፤ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በሁለት ቋንቋ ሰጥቶ ማስተያየት፣ ወይም የጥያቄዎቹን ቋንቋ አቅልሎ እንደገና መፈተን። ይህ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በሁለት ክፍሎች ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

የማስተማሪያ ቋንቋ ነገር ከተነሣ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት፣ ከ9ኛ ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ አስቀመጠ። በመሃሉ ያለውን ክልሎች በየራሳቸው ወሰኑ፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ እንግሊዝኛ የሚታጠፈው 7ኛ ክፍል ላይ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ሰፊ ጥናት ስምንቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስተማሩ ክልሎች ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ እንደሚያመጡ አሳይቷል። "ቶሎ በእንግሊዝኛ ይጀመርልን" ለሚል የከተማ ወላጅ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ እኔም ሞክሬ ብዙ ሰው አላሳመንኩም። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ "አፍ መፍቻ" ማለት አማርኛ ብቻ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ጉራግኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ አለ፤ ለእሱ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋ ነው። "አማርኛ የተናገረ ይቀጣል" የሚል ሕግ ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች ይህን አያዩትም። ዘርፉ አሁን የደረሰበት አቋም የልጁን ሌሎች ቋንቋዎች እንደ መወጣጫ መጠቀም ይቻላል የሚል ነው። ይህ ማለት ግን ክፍለ ጊዜውን በሙሉ በአማርኛ ተርጉሞ መጨረስ ማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚያደርግ መምህርም እንዳለ እናውቃለን።

መግባት

ስለ መግቢያው ብዙ የሚባል የለም። በእንግሊዝኛ ወይም በተቀራራቢ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ፣ መሥሪያ ቤት የሚከፍልላችሁ ከሆነ የስፖንሰር ደብዳቤ። ትምህርት ክፍሉ የራሱን ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምር ይችላል። የመግቢያ ፈተናው ውስጥ የቁጥር ጥያቄዎችም አሉ፤ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሒሳብ የተሰናበታችሁ ከሆነ ለእንግሊዝኛው ሳይሆን ለእሱ ተዘጋጁ። ኦፊሻሉን በጊዜ አስልኩ፤ ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ከፈተናው ይልቅ እሱ ነው ሰውን የሚያስቀረው።

ፒጂዲቲን ከማስተርስ ጋር የሚያምታቱ አሉ። እሱ በሌላ ዘርፍ ተመርቆ ወደ መምህርነት ለሚገባ ሰው የሚሰጥ የሙያ ዲፕሎማ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪን አይተካም። ማስተርሱ በተለምዶ ሁለት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ኮርስ፣ ሁለተኛው ጥናት። ሥራ ያለው መምህር በማታና በቅዳሜ እሑድ ወይም በክረምት ይማራል፤ ጊዜውም በዚያው ይረዝማል።

ወደ ውጭ የሚያስቡ ሁለት ነገር ይወቁ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ለኢትዮጵያውያን አይደለም፤ አገራችን የኮመንዌልዝ አገሮች ማኅበር አባል ስላልሆነች። የብሪታኒያ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ግን ክፍት ነው፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ተምሮ የጨረሰም ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ እንዲቆይ ያስገድዳል። በእንግሊዝ ማስተርስ አንድ ዓመት ነው። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከክፍላችሁና ከተማሪዎቻችሁ ርቃችሁ ስለምትጽፉ መረጃ መሰብሰቡ ይቸግራል።

ጥናቱ

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ክፍል ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጥናቶች በዲጂታል ማኅደሩ ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። ገብታችሁ የእንግሊዝኛ ማስተማርን ርእሶች ብታነቡ አንድ ቅርጽ ይደጋገምባችኋል፦ የአንድ ዘዴ "አተገባበርና ተግዳሮቶች"፣ "በዚህ ወይም በዚያ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ላይ በማተኮር"። ዘዴው በቡድን ማስተማር ሊሆን ይችላል፣ ተከታታይ ምዘና ሊሆን ይችላል፣ የማዳመጥ ክሂል ሊሆን ይችላል። መሣሪያው መጠይቅ ነው፤ እስማማለሁ፣ በጣም እስማማለሁ፣ አልስማማም። መምህራኑ "ዘዴውን እጠቀማለሁ" ብለው ይሞላሉ፤ ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቶ ሲታይ አይጠቀሙም፤ መደምደሚያው የክፍል መጨናነቅና የሥልጠና እጥረት ይሆናል፤ ምክረ ሐሳቡ ለትምህርት ሚኒስቴር ይጻፋል። ጥናቱ ስድስት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ በጥቁር ሽፋን ተጠርዞ፣ ዲፌንድ ተደርጎ፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የክፍል መጨናነቅ መኖሩን ለማወቅ ግን ሁለት ዓመት አያስፈልግም ነበር።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። መጠይቅ በአንድ ቀን ይሞላል፣ ቁጥሩ በኮምፒውተር ይወጣል፣ ገምጋሚውም ቁጥር ሲያይ ይረጋጋል። ግን ዘርፉ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። ሰው ስለ ቋንቋ አጠቃቀሙ የሚናገረውና የሚያደርገው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ስለዚህ መያዝ ያለበት ንግግሩ ራሱ ነው።

አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በስልክ ቀርጹ፤ የራሳችሁን ቢሆን ይመረጣል። ቃል በቃል ገልብጡት፤ አሰልቺ ነው፣ አንዱ ሰዓት ንግግር ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ቁጠሩ። ስንት ጥያቄ ጠየቅሁ? ስንቱ መልሱን የማውቀው ነበር? ከጠየቅሁ በኋላ ስንት ሰከንድ ጠበቅሁ? አማርኛ የገባው መቼ ነው፤ ቃል ለማስረዳት፣ ለመቆጣት፣ ወይስ ለመቀለድ? በኋላ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ለምሳሌ ሦስት ሰከንድ መጠበቅን፣ እንደገና ቀርጹ፣ አስተያዩ። ወይም 100 የተማሪ ድርሰት ሰብስባችሁ "ቦት ኢት" ዓይነቱ ስህተት አማርኛ ተናጋሪዎችና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ዘንድ በእኩል ይታይ እንደሆነ መርምሩ። ይህን ለማድረግ ትልቅ ገንዘብም ትልቅ ናሙናም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አድቫይዘሩን በፕሮፖዛሉ ላይ ማሳመን ነው፤ ያ ደግሞ አንዳንዴ ከጥናቱ ይከብዳል።

ፈቃድ አትርሱ። ተማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማ፣ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ፣ ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ትምህርት ቤቱ የሚጻፍ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱና የዩኒቨርሲቲው ካላንደር አይገጥሙም። ከግንቦት ጀምሮ 8ኛና 12ኛ ክፍሎች ወደ ክለሳ ይዞራሉ፤ እውነተኛ ትምህርት የሚቀረጽበት ክፍል ማግኘት ይከብዳል። በሰኔ መረጃ እሰበስባለሁ ያለ ሰው ባዶ ዴስክ ይቀርጻል። ደብዳቤዎቹ በጥር ይውጡ፣ የመጀመሪያው የክፍል ቀረጻ በየካቲት፣ የመጨረሻው ከፋሲካ በፊት ይለቅ።